የሚደንስ ኮመዲኖ አሠራር፦ ውጪው ይጠመም፣ መሳቢያው ግን ይከፈት

የሚደንስ፣ ማለትም ሆን ተብሎ ጎኑ የተጣመመ ኮመዲኖ ለመሥራት የሞከረ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ችግር አንድ ዓይነት ነው። ቅርጹ አምሯል፣ ቀለሙ አምሯል፣ መሳቢያው ግን ወይ አይገባም፣ ወይ ከገባ አይወጣም። ችግሩ ሁሉንም ነገር ማጣመማቸው ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ስሠራ የመሳቢያውን ሳጥን ራሱን ከጎኑ ጉብጠት ጋር አጉብጬው ሁለት ሳምንት ለፍቼ አፍርሼዋለሁ።

መጣመም ያለበት ዓይን የሚያየው ብቻ ነው፦ የፊቱ ቅርጽ፣ የጎኑ ቆዳ፣ የመሳቢያው ፊት። መሳቢያው ራሱ ተራ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው። የሚገባበት ቀዳዳም እንደዚያው። ከዚህ በታች ያለው ባለ ሦስት መሳቢያ ነው፤ እግሩን ጨምሮ 78 ሴንቲ ገደማ ይቆማል፣ ከተለመደው ኮመዲኖ ረዘም ይላል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እንጨት

ለአካሉ ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብሮች በኮላ ተጣብቀው የሚሠራ ጣውላ) ተጠቀሙ። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ያውም እናንተ ባልፈለጋችሁት በኩል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ከኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ለመቁረጥ ይመቻል፤ ሀዋሳ ላይ ግን ክረምት ሲገባ ያልተቀባ ጠርዙ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። ዋንዛ ካገኛችሁ ለመሳቢያው ፊት አስቀምጡት፣ ለዚያ ቦታ ከሱ የተሻለ አላየሁም።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦

- ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ፦ 60 በ70 ሴንቲ ሁለት (ፊትና ጀርባ)፣ 42 በ34.4 ሴንቲ አንድ (ወለል)፣ 50 በ42 ሴንቲ አንድ (ክዳን)
- ባለ 12 ሚሊ፦ 60 በ70 ሴንቲ አንድ ለመሳቢያዎቹ ፊት፣ ለሳጥኖቹ ደግሞ ለብቻ
- ባለ 3 ሚሊ፦ 40 በ75 ሴንቲ ሁለት (የጎን ቆዳ፣ ማለትም ጎኑን የሚሸፍነው ስስ ጣውላ)
- ባለ 4 ሚሊ፦ ለመሳቢያ ወለል
- ለዘንጎቹና ለእግሮቹ የሚሆን እንጨት፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ የእንጨት ብሎን፣ ቀጭን ባለ 20 ሚሊ ምስማር፣ ሻማ

ሙሉው ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ስለሆነ ባጃጅ ላይ አይገባም። ልኩን ጽፋችሁ ሂዱና ሱቁ ወይም ማሽን ቤቱ ቀጥ ቀጡን ይቁረጥላችሁ። ጠማማው ብቻ ለናንተ ይቅር።

ባለ 3 ሚሊውን ስትገዙ በእጃችሁ አጉብጡት። በአንዱ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል፣ በሌላው እምቢ ይላል። በ75 ሴንቲው ርዝመት ላይ በቀላሉ የሚታጠፈውን ውሰዱ፤ ይህም የላይኛው ገጽ የእንጨት መስመር በ40 ሴንቲው ስፋት በኩል ሲሄድ ነው። በተቃራኒው ከተቆረጠላችሁ ደረጃ 6 ላይ ይሰነጠቃል። ያኔ መፍትሔ የለውም፣ ሌላ መግዛት ነው።

መሣሪያ

ጂግሶ (ጠማማ መስመር የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ)፣ ድሪል፣ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ)፣ ሜትር፣ ሞረድ፣ መላጊያ፣ ብርጭቆ ወረቀት (80፣ 120 እና 220 ቁጥር)፣ ቢያንስ አራት ሞርሳ (መጨመቂያ)። ጂግሶ ከሌላችሁ በቀን ሂሳብ ተከራዩ። የአቧራ ጭንብልና የዓይን መነጽር ግን የራሳችሁ ይሁን። የኮምፔርሳቶና የኤምዲኤፍ አቧራ ውስጥ ኮላ አለ፣ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

እንጨቱን ከገዛችሁ በኋላ ኮመዲኖው በሚቀመጥበት ክፍል ለሁለት ሳምንት አቆዩት። አየሩን ይልመድ። በተለይ ወደ ሐይቁ የተጠጋ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ይህን አትለፉት።

ደረጃ 1፦ በካርቶን ላይ በሙሉ ልኩ ሳሉ

የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ፈልጉ። 60 በ70 አድርጋችሁ ቁረጡ። ትንሽ ወረቀት ላይ ስላችሁ በዓይን ግምት ወደ እንጨት መውሰድ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። የኮመዲኖው አካል ቁመት 66 ሴንቲ፣ ስፋቱ የትም ቦታ 44 ሴንቲ ነው። አሁን ቀጭን ክፍካፊ (በቀላሉ የሚታጠፍ ስስ የእንጨት ዘንግ) ውሰዱና በምስማር ደግፋችሁ አጉብጡት፦ የታችኛው ግማሽ ወደ ግራ 4 ሴንቲ፣ የላይኛው ግማሽ ወደ ቀኝ 4 ሴንቲ ይውጣ። ክፍካፊው ራሱ ለስላሳ መስመር ይሰጣችኋል። በእጅ የተሳለ ጉብጠት ያነክሳል፣ ቀለም ሲቀባ ደግሞ እያንዳንዱ ማነከስ ይታያል። የግራውን መስመር ከሳላችሁ በኋላ ያንኑ መስመር 44 ሴንቲ ወደ ቀኝ አሻግራችሁ ድገሙት። ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት መስመር መሆናቸው በኋላ ትልቅ ሥራ ያቀልላችኋል።

ከ4 ሴንቲ በላይ አታውጡት። ታጓጓላችሁ፣ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ካለፈ ቆዳው አይታጠፍም፣ መሳቢያውም ቦታ ያጣል።

የመሳቢያ ቀዳዳዎቹን ሳሉ

ከታች ወደ ላይ እንዲህ ቁጠሩ፦ 4 ሴንቲ ጠርዝ፣ 16 ሴንቲ ቀዳዳ፣ 6 ሴንቲ መሃል፣ 14 ሴንቲ ቀዳዳ፣ 6 ሴንቲ መሃል፣ 12 ሴንቲ ቀዳዳ፣ 8 ሴንቲ ጠርዝ። ድምሩ 66። ሁሉም ቀዳዳ 30 ሴንቲ ስፋት አለው፣ አራቱም ማዕዘን በስኳድራ 90 ዲግሪ ነው። ቀዳዳዎቹ አንዱ ከሌላው ሥር አይደረደሩም፤ እያንዳንዱ ከጉብጠቱ ጋር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሸሻል። ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ኮመዲኖው የሚደንስ የሚመስለው በዚህ ነው።

አሁን ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥግ እስከ ውጪው ጉብጠት ለኩ። የትም ቦታ ከ3.5 ሴንቲ ማነስ የለበትም። ካነሰ ቀዳዳውን ወደ ሌላው ጎን ገፋ አድርጉት። እሱም ካልበቃ ጉብጠቱን ቀንሱ እንጂ ቀዳዳውን አታጣምሙት።

ይወድቃል ወይስ ይቆማል?

የካርቶኑን ቅርጽ ቁረጡና አንዱ ጥግ ላይ በመርፌ በስታችሁ በክር አንጠልጥሉት። በሌላ ክር ጫፍ ላይ ብሎን አስራችሁ ከዚያው ቀዳዳ አውርዱ፣ ክሩ የሄደበትን አስምሩ። በሌላ ጥግ ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት የክብደቱ መሃል ነው። ካርቶኑን አቁሙና ከዚያ ነጥብ ቀጥታ ወደ ታች አስምሩ። መስመሩ በእግሮቹ መካከል ካለው ርቀት መሃለኛው ሲሶ ላይ ማረፍ አለበት። ወደ አንድ ወገን ከሄደ አሁን አስተካክሉ፤ ካርቶን ርካሽ ነው።

ደረጃ 2፦ ፊትና ጀርባውን አንድ ላይ ቁረጡ

1. ሁለቱን ባለ 18 ሚሊ ጣውላዎች ደርባችሁ በአራት ብሎን እሰሩ። ብሎኖቹን በቀዳዳዎቹ መካከል ባሉት 6 ሴንቲ ቦታዎች ላይ አድርጉ። በኋላ የመሳቢያው ፊት ይሸፍናቸዋል።
2. ካርቶኑን አስቀምጣችሁ በእርሳስ ዙሩ። የላይኛው ጣውላ ላይ «ፊት» ብላችሁ ጻፉ።
3. በጂግሶ ከመስመሩ 2 ሚሊ ወደ ውጪ ትታችሁ ቁረጡ። ሁለቱ ተደርበው 36 ሚሊ ስለሆኑ ምላጩ ከታች ይሸሻል። ስትቸኩሉ ደግሞ ይብሳል። አትግፉት፣ ራሱ ይብላ።
4. የቀረውን 2 ሚሊ በሞረድ፣ ከዚያ በእንጨት ቁራጭ ላይ በተጠቀለለ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አውርዱ። ስኳድራውን ጠርዙ ላይ እያቆማችሁ የላይኛውና የታችኛው ጣውላ እኩል መሆናቸውን እዩ።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ጂግሶውን ከሶኬት ንቀሉ። ተሰክቶ ከተተወ መብራት ሲመጣ በራሱ ሊነሳ ይችላል።

የተረፈውን ቁራጭ አትጣሉ! ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት መስመር ስለሆኑ ከግራ የተረፈው ቁራጭ ጠርዙ ልክ የቀኙን ጎን ይመስላል፣ ከቀኝ የተረፈውም የግራውን። ከጉብጠቱ 2 ሴንቲ ወደ ውስጥ አስምራችሁ ሌላውን ብትቆርጡለት የጎን አጥንት (ቆዳውን ከውስጥ የሚደግፍ) ይወጣችኋል። ደረጃ 4 ላይ እንፈልጋቸዋለን።

ደረጃ 3፦ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ

ጣውላዎቹን ለያዩ። «ፊት» ያላችሁትን ብቻ ወስዳችሁ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥግ በድሪል ብሱ፣ ከዚያ በጂግሶ ቁረጡ፣ ጠርዙን በሞረድ ቀጥ አድርጉ። ለዚህ ጊዜ ስጡ። መሳቢያው የሚሠራው በዚህ ቀዳዳ ልክ ነው።

አሁን ፊቱን በዚያው የብሎን ቀዳዳ ጀርባው ላይ መልሳችሁ እሰሩትና ሦስቱን ቀዳዳዎች በእርሳስ ጀርባው ላይ ዙሩ። ይህን የሚዘል ሰው መሳቢያው ሲገባ ወደ ጎን ይሄድበታል፤ ምክንያቱም የጀርባው ሐዲድ (መሳቢያው የሚሄድበት ዘንግ) ከፊቱ ጋር አይገናኝም። በሜትር ብቻ ለክቶ ማዛወር ስህተት ያመጣል። መዞር ስህተት የለውም።

ቀዳዳው ሲቆረጥ ቢወላገድስ? እስከ 2 ሚሊ ከሆነ አትነካኩት፣ የመሳቢያው ፊት ይሸፍነዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጭን ቁራጭ በኮላ ለጥፋችሁ እንደገና አስተካክሉ።

ደረጃ 4፦ አካሉን ግጠሙ

ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 34.4 ሴንቲ የሚረዝሙ ዘንጎች ያስፈልጋሉ፦

- ሁለት የወለል ዘንግ፦ የላይ ፊታቸው ከቀዳዳው የታች ጠርዝ ጋር እኩል
- ሁለት የጎን መሪ፣ ውፍረቱ 1.5 ሴንቲ፦ የውስጥ ፊታቸው ከቀዳዳው ጎን ጋር እኩል
- አንድ የጣሪያ ዘንግ መሃል ላይ፦ የታች ፊቱ ከቀዳዳው የላይ ጠርዝ ጋር እኩል

የጣሪያውን ዘንግ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከሌለ መሳቢያው ገና ግማሽ ሲሳብ አፍንጫውን ይደፋል።

ዘንጎቹን ከፊት ጣውላው ጋር በኮላና በብሎን እሰሩ፣ ከዚያ የ42 በ34.4ቱን ወለል ከታች አስገቡ፣ በመጨረሻ ጀርባውን በእርሳሱ መስመር ላይ ግጠሙ። ብሎን ከመግባቱ በፊት በቀጭን የድሪል መብሻ ብሱለት፤ ካልበሳችሁ የኮምፔርሳቶው ጠርዝ ይከፈታል። ኮላው ሳይደርቅ ስኳድራውን በፊቱና በወለሉ መካከል አቁሙ። ዘንበል ካለ በእጅ ገፍታችሁ በሞርሳ ያዙት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይህን ማድረግ አትችሉም።

የጎን አጥንቶቹን በፊትና በጀርባ መሃል ላይ አቁሙ፣ ከጎን መሪዎቹ ጋር በብሎን እሰሩ። ክፍተት ባለበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ሙሉ። ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ከፊት ወደ ጀርባ አጋድማችሁ ሦስቱም ጠርዞች መንካታቸውን እዩ። አጥንቱ ወደ ውጪ ከወጣ ሞርዱት። ወደ ውስጥ ከገባ ቀጭን ቁራጭ ለጥፉበት።

ደረጃ 5፦ መሳቢያዎቹን ሥሩ

ጎኑ ገና አልተሸፈነም። ጥሩ ነው፣ አሁን ውስጡን ማየት ትችላላችሁ፤ መሳቢያ ከቆዳው በፊት የሚሠራው ለዚህ ነው።

ሳጥኑ ከቀዳዳው በስፋት 3 ሚሊ፣ በቁመት 5 ሚሊ ያንሳል። ስለዚህ ስፋቱ 29.7 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 34 ሴንቲ፣ ቁመቱ 15.5፣ 13.5 እና 11.5 ሴንቲ ይሆናል። ከኮምፔርሳቶ ይልቅ በድፍን እንጨት የምትሠሩ ከሆነ ቁመቱን ሌላ 2 ሚሊ ቀንሱ። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ በስፋቱ ግን ያብጣል፤ የሳጥኑ ጎን ስፋት ደግሞ ቆሞ ሲታይ ቁመቱ ነው። በጥር የሠራችሁት በሐምሌ ያብጣል። በሐምሌ የሠራችሁት ደግሞ በጥር ስለሚላላ ያኔ የተጨማሪውን ግማሽ ብቻ ቀንሱ።

1. አራቱን ጎን ቁረጡ። ከታች ጠርዝ 1 ሴንቲ ከፍ ብሎ ለባለ 4 ሚሊው ወለል ቦይ ይውጣ። ማሽን ቤት በደቂቃዎች ይጨርስላችኋል።
2. ወለሉን በቦዩ አስገብታችሁ ጎኖቹን በኮላና በብሎን እሰሩ።
3. ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል ለኩ። ሁለቱም 45.1 ሴንቲ ገደማ መሆን አለባቸው፣ ዋናው ግን እኩል መሆናቸው ነው። በ2 ሚሊ ከተለያዩ ረጅሙን ጥግ በሞርሳ ጨምቁ።
4. ኮላው 24 ሰዓት ይድረቅ። ሳይደርቅ አትሞክሩት።
5. አስገብታችሁ አውጡ። ከነካ ከጎኑ እዩ፣ የሚነካውን ላጉ። ከዚያ የሳጥኑን ታችና የወለሉን ዘንግ በሻማ እሹ።

ሳጥኑ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ጥግ ከፍ ካለ፣ ሳጥኑ ተጠማዟል። ይህን በመላግ አታድኑትም። ብሎኑን ፈታችሁ እንደገና ሥሩት። ይቆጫል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ደረጃ 6፦ ቆዳውን አልብሱ

ባለ 3 ሚሊውን ኮምፔርሳቶ ውጪ በሚሆነው ፊቱ በኩል ብቻ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አርጥቡ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ኮላ የሚነካው ፊት ደረቅ ይሁን። ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ ንብርብሩ ይለያያል።

ኮላውን ፊቱ፣ አጥንቱና ጀርባው ጠርዝ ላይ ቀቡ። ምስማር መምታት የምትጀምሩት ጎኑ ወደ ውስጥ ከገባበት ሆድ ነው። ከጫፍ ከጀመራችሁ ቆዳው ሆዱ ላይ እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል፣ በኋላ ስትጫኑት ይሰነጠቃል። ከሆዱ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ በየ5 ሴንቲው አንድ ምስማር። ትርፉ በሁሉም በኩል ይውጣ፤ ሲደርቅ በሞረድ ይወርዳል።

ቢሰነጠቅስ? ስንጥቁ በርዝመቱ ከጣት ካነሰ ኮላ አስገብታችሁ በፕላስቲክና በጣውላ ጨምቁት፣ በስቱኮ ይጠፋል። ከዚያ ካለፈ ሳይደርቅ ንቀሉት።

ደረጃ 7፦ እግርና ክዳን

እግሮቹ 10 ሴንቲ ናቸው። ወደ ውጪ ዘንበል ብለው ይቁሙ፤ የሚቆመውን ቦታ ያሰፋሉ፣ ለዳንሱም ያግዛሉ። ግን የታች ጫፋቸው መሬቱን ሙሉ በሙሉ መንካት አለበት። ቢወዛወዝ አንዱን እግር እየቆረጣችሁ አትሂዱ፣ መጨረሻ የለውም። ጠፍጣፋ ቦታ አቁማችሁ የሚንጠለጠለው እግር ሥር የሚገባውን ቁራጭ ለኩ፣ ሌሎቹን ሦስቱን በዚያው ውፍረት ልክ አስምራችሁ ቁረጡ።

ክዳኑ ጠርዙ ይሞገድ፣ ፊቱ ግን ሜዳ ይሁን። ብርጭቆ ውሃ የማይቆምበት ኮመዲኖ ማንም አይጠቀምበትም።

ደረጃ 8፦ የመሳቢያው ፊት

ሦስቱን ፊቶች ከአንድ ባለ 12 ሚሊ ጣውላ አውጡ። መጀመሪያ የኮመዲኖውን ቅርጽ ቁረጡ፣ ከዚያ በመሳቢያዎቹ መካከል የሚሞገደውን መስመር ሳሉ። ሞገዱ መጫወት የሚችለው በ6 ሴንቲው መሃል ባለው 4 ሴንቲ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ከወጣ ፊቱ ቀዳዳውን ቢያንስ በ1 ሴንቲ መሸፈኑ ይቀራል፣ ውስጡ ይታያል። ቆርጣችሁ ስታሹት በሁለቱ መካከል 4 ሚሊ ገደማ ክፍተት ይኑር።

ሳጥኖቹን ዝጉ። ፊቶቹን ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር አድርጋችሁ ቦታቸው ላይ ለጥፉ፣ ራቅ ብላችሁ እዩ፣ አስተካክሉ። ከዚያ መሳቢያውን በቀስታ ስባችሁ ከውስጥ በባለ 20 ሚሊ ብሎን እሰሩ። ሁለቱ ጣውላዎች ተደርበው 24 ሚሊ ናቸው፤ ባለ 25 ብሎን ከተጠቀማችሁ ጫፉ ፊት ላይ ብቅ ይላል።

ለእጀታ እኔ የምወደው የቡና ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። በሲዳማ ገጠር ቡና ሲጎነደል አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ አይጠፋም። ጠንካራ ነው፣ በተፈጥሮውም ጠማማ ነው። ቅርፊቱን ልጣችሁ ጥላ ውስጥ በደንብ አድርቁት፤ እርጥቡን ካሰራችሁት ብሎኑ ይላላል።

ደረጃ 9፦ ቀለምና ግድግዳ

በ120፣ ከዚያ በ220 ቁጥር እሹ፣ የምስማሩን ቀዳዳ በስቱኮ ድፈኑ፣ ሁለት ጊዜ ቀቡ። የሳጥኑን ጎንና ዘንጎቹን አትቀቡ። ቀለም ውፍረት ይጨምራል፣ በሙቀት ደግሞ ይጣበቃል።

ቀለሙ ሲደርቅ ኮመዲኖውን ከግድግዳ ጋር እሰሩ። ሦስቱን መሳቢያ በአንዴ የሚከፍት ልጅ ላዩ ላይ ይደፋዋል፤ ይህ ለቀጥ ያለውም ያው ነው። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) እና በማዕዘን ብረት። የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ላይ አትሰሩ፣ እያንኳኳችሁ ማገሩን ወይም ቋሚውን እንጨት ፈልጉ።

ክረምት ላይ መሳቢያው ቢይዝ

ወዲያው መላጊያ አታንሱ። መሳቢያውን አውጥታችሁ ለሁለት ቀን ደረቅ ክፍል አቆዩት፣ በሻማ እሹት፣ መልሱት። አሁንም ከያዘ የሳጥኑን ጎኖች በጠመኔ ቀቡና አንድ ጊዜ አስገብታችሁ አውጡት። ጠመኔው የጠፋበት ቦታ ነው የሚነካው። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሦስት አራት ጊዜ ሂዱበት፣ ሞክሩት፣ ካልበቃ ድገሙት።